አንዲት ሰንጢ

ከእንጅባራ ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ፣ የዘንገናን ሐይቅ ወደ ኋላው ትቶ ጥቂት እንደ ተጓዘ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ጥሊሊን ያገኛል። በገበያ ቀን መንገዱን የሚሞላውን ሰው ልብ ብሎ የተመለከተ እንደሆነ ከትከሻ የማትወርደውን ዱላ፣ ጋቢውን፣ አልፎ አልፎም የአዊ ሰው የሚኮራበትን ፈረስ ያያል። የማያየው ነገር ግን አለ። ይኸውም በብዙው አባወራ ኪስ ውስጥ ታጥፋ የተቀመጠችው ሰንጢ ናት። አፋሩ ጊሌውን በወገቡ ታጥቆ ለሁሉ እያሳየ ይሄዳል፤ የደጋው ገበሬ ግን ሰንጢውን በኪሱ ሰውሮ ይይዛል፤ ሥራ ሲመጣ ብቻ ትወጣለች።

ውድ አንባብያን፣ ስለዚች ትንሽ ዕቃ ላወጋችሁ መነሣቴ ቀላሉን ነገር ለማግዘፍ ፈልጌ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ስንት ከባድ መሣሪያ ሲጮህ ከርሞ ሳለ ስለ ሰንጢ መጻፍ ምን ይሉታል የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖርም አውቃለሁ። ዳሩ ግን ጠመንጃ የያዘው ሰው ጥቂት ነው፤ ሰንጢ ወይም ቢላዋ የሌለው ቤት ግን የለም። ሰው በየቀኑ በኪሱ የሚይዘው ነገር ስለ ልቡ ምን ይናገራል? ዕቃስ በራሱ ደግ ወይም ክፉ ሊባል ይችላልን? እነዚህ ጥያቄዎች ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤተ ዘመዳችን ውስጥ በደረሰ ነገር ምክንያት ዕረፍት ነሥተውኛል።

በጥሊሊ አጠገብ የሚኖሩ አንድ አጎት አሉኝ። ሰንጢያቸውን ከአባታቸው ወረሷት። እጀታዋ የቤታቸው በሬ ቀንድ ነው፤ ስለቷ ደግሞ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነበር። ልጅ ሳለሁ ለእረፍት ወደ እሳቸው በሄድሁ ጊዜ አንድ ቀን ከጧት እስከ ማታ ተከትያቸው ዋልሁና ሰንጢዋ የሠራችውን ሁሉ ለመቁጠር ሞከርሁ። ጧት ከወይራ ቅርንጫፍ መፋቂያ ቆረጠች። ከዚያ የሞፈሩን ጠፍር አስተካከለች፤ ከእግሬ እሾህ አወጣች፤ ለአጥር የሚሆን ቀርከሃ ሰነጠቀች፤ የትምህርት ቤት ልጅ እርሳስ ቀረጸች፤ አንገቱ በገመድ የተያዘ ጥጃ ነጻ አወጣች። ማታ ምድጃው ዳር ተቀምጠን የተቀቀለ ድንች የላጠችልንም እሷው ናት። መካከል ላይ ቁጥሩ ስለ ጠፋብኝ ተውሁት።

«ለምን ሌላ አይገዙም? አንዷ ለሥጋ፣ አንዷ ለእንጨት ብትሆን አይሻልም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አንድ ከሆነች የት እንዳለች አውቃለሁ» አሉኝ። በዚያን ጊዜ መልሱ የቆጣቢ ሽማግሌ መልስ ነበር የመሰለኝ።

ወደ ዘርዓ ክህነት ገብቼ ፍልስፍና ስማር ይህ ነገር በአርስቶትል መጽሐፍ ውስጥ ገጠመኝ። ፈላስፋው በ«ፖለቲካ» ድርሰቱ መጀመሪያ ላይ፣ በደልፊ ስለሚሠራ ለብዙ ጉዳይ የሚያገለግል አንድ ዓይነት ቢላዋ ያነሣና፣ ተፈጥሮ እንደዚያ ቢላዋ ሠሪ ቆንቋና አይደለችም፣ ለእያንዳንዱ ሥራ የየራሱን መሣሪያ ትሰጣለች፣ አንድ መሣሪያም መልካም የሚሆነው ለብዙ ሳይሆን ለአንድ ሥራ ሲውል ነው ሲል ያስረዳል። (ይህንም ያነሣው ሴትንና ባሪያን ለመለየት ነበር። ባርነትን የተፈጥሮ ሥርዐት አድርጎ መቁጠሩን ግን ማንኛችንም አንቀበለውም። ታላቅ አእምሮም በዘመኑ ልማድ ይታወራል።) ስለ መሣሪያ የተናገረው ለአናጢው ቤት ትክክል ነው፤ ለአጎቴ ኪስ ግን አይሠራም። አርስቶትል መሣሪያውን ከሥራው አንጻር ብቻ መዘነው። አጎቴ ከያዡ አንጻር ይመዝኑታል። አሥር ቢላዋ ያለው ሰው ዘጠኙ ዛሬ ማታ በማን እጅ እንዳሉ አያውቅም።

ከአጎቴ ይልቅ ለነገሩ የቀረበው በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ቤኔዲክቶስ ይመስለኛል። በገዳማዊ ሥርዐቱ 55ኛ ምዕራፍ፣ አበ ምኔቱ ለእያንዳንዱ መነኩሴ ሊሰጠው ከሚገባው ነገር ጋር፣ ከልብሱና ከጫማው፣ ከመርፌውና ከመጻፊያው እኩል፣ ቢላዋን ይቆጥራል። ይህም ማንም «ይጎድለኛል» በሚል ሰበብ የግል ንብረት እንዳያከማች ነው። በ22ኛው ምዕራፍ ደግሞ መነኮሳቱ ታጥቀው ይተኙ፣ ነገር ግን በእንቅልፍ ልባቸው እንዳይቆስሉ ቢላዋቸውን ከጎናቸው ይፍቱ ይላል። ሁለቱን ምዕራፎች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የአባትን ጥንቃቄ ያያል። ቀን የሚያስፈልገው ሌሊት ያሰጋል፤ ልዩነቱም የያዡ መንቃትና አለመንቃት ነው። እንቅልፍ ደግሞ የሌሊቱ ብቻ አይደለም። ስካርም፣ ቍጣም እንቅልፍ ነው።

እኔም በተማሪነቴ ትንሽ ሰንጢ ነበረችኝ። አንድ አረጋዊ መምህራችን አይተውብኝ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. የወጣው የቀድሞው ሕገ ቀኖና በቍጥር 138 ካህናት የሚያሰጋ በቂ ምክንያት ከሌለ መሣሪያ እንዳይዙ ይከለክላል ብለው ገሠጹኝ። «አባ፣ ለብርቱካን ነው» ብላቸው፣ «እንግዲያው ብርቱካኑ የታለ?» ብለው ሳቁ። ሰንጢዋን መለሱልኝ፤ ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ አብራኝ አለች።

አንድ ሰው ዛሬ በመንገዱ ላይ ምን እንደሚገጥመው ሳያውቅ ሰንጢ ይዞ የሚወጣው ለምንድን ነው? በሀገራችን ለዚህ ጥያቄ አንድ ያማረ መልስ አለ። በበዓል ዋዜማ ወንድ የሌለበት ቤት እመቤት ዶሮዋን ይዛ ደጃፏ ላይ ትቆማለች። የሚያልፈውን ወንድ፣ ታውቀውም አታውቀውም፣ «ወንድም ዓለም፣ ዶሮዬን ባርክልኝ» ትለዋለች። መንገደኛውም ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ ስመ ሥላሴን ጠርቶ፣ አርዶላት ይሄዳል። ልብ በሉ፤ ቋንቋችን ማረድን «መባረክ» ብሎታል። ደም በሚፈስበት ሰዓት እጅ በራሱ ፈቃድ እንዳይሠራ፣ ከእግዚአብሔር ስም በታች እንዲሆን አባቶቻችን ያኖሩት ጥበብ ነው። ስለዚህ ሰንጢ የያዘ ሰው የራሱን ጉዳይ ብቻ የያዘ አይደለም፤ በማያውቀው ደጃፍ ሊጠራም ይችላል።

ቅርጫም እንዲሁ ነው። በሬው ተበልቶ ሥጋው በየመደቡ በቅጠል ላይ ሲደረደር፣ ቢላዋ የያዘው ሰው የትኛው መደብ ሥብ፣ የትኛው አጥንት እንደ በዛበት ከሁሉ ይልቅ ያውቃል። ነገር ግን የሚመርጠው እሱ አይደለም፤ ዕጣ ይጣላል። የሚቆርጠው እጅና የሚወስደው እጅ ተለያዩ። ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች ስለ ፍትሕ ለልጆች ስትናገሩ ከሩቅ ሀገር ምሳሌ ከመፈለግ ይህን ብታነሡላቸው ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ባሌስትራውን በወናፍና በመዶሻ ስለት ያደረገው ባለ እጅ ከዚህ ሁሉ ውጭ መቅረቱ ያሳዝናል። ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ቡዳ የሚለው ስድብ በየመንደራችን ብዙ ዘመን ኖሯል። የእጁን ሥራ በኪሳችን፣ ለሥጋችን ቅርብ አድርገን እንይዛለን፤ እሱን ግን ለቡና አንጠራውም፣ ልጁንም አናጭለትም። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው እንዲታረም በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፣ ስድቡ ግን ገና አልጠፋም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ 13ኛ ምዕራፍ፣ በሳኦል ዘመን በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ ስላልነበረ ሕዝቡ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ጠላቶቹ ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ እንደ ነበር ተጽፏል። ባለ እጅ የሌለው ሕዝብ ምን ያህል እንደሚዋረድ ከዚያ መረዳት ይቻላል። እኛ ግን ባለ እጅ እያለን ራሳችን አዋረድነው።

ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። የአጎቴ የመጨረሻ ልጅ እርፍ መጨበጥ በጀመረበት ዓመት አባቱ «እንግዲህ ሰው ሆነሃል» ብለው ሰንጢዋን ሰጡት። ለራሳቸው ሌላ አልገዙም፤ ሲቸግራቸው ከልጁ ይዋሱ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በጥር ወር፣ በአንድ ሠርግ ቤት ልጁ ከአብሮ አደጉ ጋር በማይረባ ነገር ተጣላ። ሁለቱም ጠጥተዋል። በጨለማ በተደረገው ግርግር የጓደኛው መዳፍ ክፉኛ ተቈረጠ። ሞት አልደረሰም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን የልጁ ሁለት ጣቶች ከዚያ ወዲህ አልታጠፉም። እርፍ በጣት ይጨበጣል፤ ለአራሽ ሁለት ጣት ማለት ምን እንደ ሆነ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል።

ጉዳዩ በሽማግሌ ተያዘ። ካሳ ተከፈለ፤ ጥፋተኛው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ ታረቁ። ሰንጢዋ በሽማግሎቹ መካከል መሬት ላይ ተቀምጣ ነበረች። አንዱ «ወንዝ ትጣል» አለ። ሌላው «የቀጥቃጭ እጅ የነካው ነገር መጨረሻው ይኸው ነው» አለ፤ ይህን ስሰማ ከቍስሉ እኩል አዘንሁ። አጎቴ ግን ዝቅ ብለው አነሷት፣ አጠፏት፣ ኪሳቸው ከተቱና «ብረት ምን አጠፋ? ያጠፋው ልጄ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ያን ሌሊት የት እንዳለች አላውቅም ነበርና» አሉ።

የጥንት አቴናውያን ለዜውስ በሬ በሚሠዉበት አንድ በዓል ላይ ስለ በሬው ሞት ችሎት ይቀመጡ እንደ ነበር ፖርፊርዮስ የተባለው ፈላስፋ ጽፏል። ውኃ ያመጡት ሴቶች በሳዮቹ ያመካኛሉ፤ ሳዮቹ መሣሪያውን ባቀበለው፣ እሱም በአራጁ፣ አራጁም በቢላዋው። ቢላዋው መናገር ስለማይችል ይፈረድበትና ባሕር ይጣላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ ይሥቃል። እኔ ግን ያ የሠርግ ሰሞን በዐይነ ልቡናዬ መጣብኝ። አንዱ ጠላ ጠማቂዋን ወቀሰ፣ አንዱ ዘመኑን፣ አንዱ ባለ እጁን፣ አንዱም ብረቱን። ፍርዱ ሁልጊዜ የሚያርፈው መልስ መስጠት በማይችለው ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል ጥፋቱን በስሙ የጠሩት አጎቴ ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህም አከበርኋቸው።

እዚህ ላይ ነገሩ አልቆ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍሁ ነበር።

የተጎዳው ልጅ እናት ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ቤታቸው ከአጎቴ ቤት በአንድ አጥር ይለያል። አጎቴ እንደ ልማዳቸው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በዚያችው ሰንጢ ቀርከሃ ሲሰነጥቁ፣ ድንች ሲልጡ፣ ሴትየዋ ከአጥሩ ማዶ ያያሉ። እርቅ ወርዷል፤ ሰላምታ አይነፋፈጉም። ነገር ግን ሰንጢዋ ብቅ ባለች ቍጥር ፊታቸውን መልሰው ወደ ቤት ይገባሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የተወጋው ሰው እናት ደግሞ ከተወጋውም የባሰ አትረሳም።

አጎቴ ይህን ሲነግሩኝ ግራ ገብቷቸው ነበር። «አባ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አሉኝ፤ የእኅታቸው ልጅ ብሆንም ከተክህነት ወዲህ አንቱ ነው የሚሉኝ። «በዕቃው ኃጢአት አለበትን?»

የለበትም። በፍልስፍናው ትክክል ነበሩ። ኃጢአት በፈቃድ ውስጥ እንጂ በብረት ውስጥ አይደለም። ለካህን ከዚህ የቀለለ ጥያቄ አይገኝም። ዳሩ ግን ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ እንዲህ ያለ ቀላል ጥያቄ ቀርቦለት ነበር፤ ለጣዖት የተሠዋ ሥጋ መብላት ይገባልን? ጣዖት ከንቱ መሆኑን፣ ሥጋውም ሥጋ ብቻ መሆኑን አልካደም። ሆኖም ይህ ዕውቀት የሁሉ እንዳልሆነ፣ የሚበላው ሥጋ ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ ፈጽሞ ሥጋ መተውን እንደሚመርጥ ጻፈላቸው። ጳውሎስ እውነቱን አልለወጠም። እውነቱን ያወቀ ሰው ሸክሙን እንዲሸከም ጠየቀ እንጂ። አጎቴ ሰንጢዋ ንጹሕ መሆኗን ያውቃሉ፤ ሴትየዋ አያውቁም፣ ወይም ቢያውቁም ዐይናቸው አይችልም። ታዲያ ማን ለማን ይዝለቅ? ይህን በትሕትና ነገርኋቸው። ዝም አሉ።

በቀጣዩ ጊዜ ስመለስ ሰንጢዋን አውጥተው አሳዩኝ። ወደ ባለ እጁ ወስደው ስለቷን አስለውጠዋታል። አሮጌው ስለት የት ገባ ብዬ አልጠየቅሁም። «እንግዲህ ያ ብረት የለም» አሉኝ፤ እንደ ሕፃን ደስ ብሏቸው ነበር።

ፕሉታርክ ስለ ቴሴዎስ መርከብ ጽፏል። አቴናውያን መርከቡን ሲጠብቁ የበሰበሰውን ሳንቃ በአዲስ እየተኩ ስለ ኖሩ፣ ፈላስፎች ያው መርከብ ነው፣ አይደለም እያሉ ይከራከሩበት ነበር። እጀታዋ የአያቴ፣ ስለቷ አዲስ የሆነች ሰንጢስ ያችው ናትን? በክፍል ውስጥ ቢሆን ለግማሽ ቀን በተከራከርን። ሴትየዋ ግን ክርክር አላስፈለጋቸውም። አጎቴ አዲሱን ስለት አሳይተው ነገሩን ሲያስረዷቸው፣ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና «እጀታዋን አውቃታለሁ፣ አያ» ብቻ አሏቸው። ቂም አልነበረም በድምፃቸው። ያዩትን ነገር ስም መጥራታቸው ነበር። ከብረቱ ይልቅ እጀታው ነበር የሚያስታውሳቸው፤ ብረቱ በዚያ ሌሊት ያበራ እንደሆነ ያየው የለም፣ ቀንዱን ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ በጎረቤታቸው እጅ ሲያዩት ኖረዋል።

በዚህ ነገር ቋንቋችን ራሱ ይፈትነኛል። ብረት ሲሳል የሚወጣው ስለትና ለእግዚአብሔር የሚገባው ስእለት በጽሕፈት ቢለያዩም በአፋችን አንድ ሆነዋል። በግእዙ አንዱ ከመሳል፣ ሌላው ከመለመን ነው የሚወጣው፤ ዝምድና የላቸውም። ቢሆንም አጎቴ «ስለቷን ለወጥሁ» ባሉ ጊዜ ሁለቱን የሰማሁ መሰለኝ። ለመለወጥ የፈለጉት ከብረት የሚበልጥ ነገር ነበርና።

ባለፈው የዘመን መለወጫ ዋዜማ አጎቴን ለመጠየቅ ሄጄ፣ ከሰዓት በኋላ ከእሳቸው ጋር ከገበያ ስንመለስ ሴትየዋ በደጃፋቸው ቆመዋል። ልጃቸው ለሥራ ወደ ቻግኒ ወርዶ ገና አልተመለሰም ነበር። በብብታቸው ቀይ ዶሮ ይዘዋል። እኔን ካህን ስለሆንሁ ይመስለኛል አለፉኝ፤ አጎቴንም «አያ፣ ይችን ዶሮ ይባርኩልኝ» አሏቸው። በአካባቢው ሌላ ወንድ አልጠፋም፤ ከኛ ፊት ሁለት ጎረምሶች አልፈው ሄደዋል።

አጎቴ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱና መንገድ ላይ አቆሙት። ሴትየዋም «ይቆዩኝ» ብለው ዶሮዋን ለእኔ አስያዙኝ፣ ወደ ቤት ገቡና የወጥ ቤት ቢላዋቸውን አመጡ። እጀታውን ወደ አጎቴ አድርገው ሰጧቸው። ዱልዱም ነበር። አጎቴ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ቍጢጥ ብለው ለረጅም ጊዜ ሳሉት፣ በአውራ ጣታቸው ሞከሩት፣ እንደገናም ሳሉት። ከዚያ ዶሮዋን ከእጄ ተቀብለው ወደ ምሥራቅ ዞሩ።